ያልተቀቀለው ጋቢ

የደባርቅ ክረምት ለማንም አያዝንም። ሐምሌ ከገባ ጉሙ ከገደሉ አፋፍ እየተነሣ ከተማውን ይውጠዋል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያውቀው በሳሉ ነው። ፀሐይ አንዳንዴ ብቅ ትላለች፤ ግን እንደ ቀበሌ ሊቀ መንበር ናት፣ ታይታ ትሄዳለች እንጂ ሥራ አትሠራም። በዚህ ወራት ልብሱን ያጠበ ሰው ሳምንቱን ሙሉ እርጥብ ለብሶ መንቀጥቀጡ ነው። ስለዚህ የሚያጥብ የለም፤ የሚያወልቅም የለም። ሰው ከነጋቢው ይተኛል፣ ከነጋቢው ይነሣል፣ በሩን ዘግቶ ከልጁም ከጥጃውም ጋር ተጠጋግቶ መስከረምን ይጠብቃል። በዚህ መጠጋጋት የሚያልፍለት ቅማል ብቻ ነው።

ጤና ረዳቱ አለነ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። የዳባት ልጅ ነው፤ ጎንደር ተምሮ ደባርቅ ከተመደበ አራተኛ ክረምቱ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ በሥራው ቀልድ የማያውቅ። ገበሬው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ መጀመሪያ መጀመሪያ ያርማቸው ነበር፣ ኋላ ደክሞት ተወው። ተስቦ በቅማል እንደሚተላለፍ፣ ቅማል ደግሞ የታመመ ገላ ሲግልበት፣ የሞተ ገላ ሲቀዘቅዝበት ጥሎ ወደ ሌላው ሰው እንደሚሄድ ላገኘው ሁሉ ሲናገር ይውላል። ሰሚ ነበረው ለማለት ግን ይቸግራል። ቅማል አለብኝ የሚል ሰው መች ተገኝቶ፤ ሁሉም ቅማሉን የሚያየው ጎረቤቱ ላይ ነው።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሊማሊሞ ተናደ። ከሽሬ በዛሪማ በኩል የሚመጡት መኪኖች ከታች፣ ከጎንደር የሚመጡት ከላይ ቆመው ቀሩ። አልቤርጎው ሞላ፣ ጠላ ቤቱ ሞላ፤ አንድ አልጋ ላይ ሦስት ሰው መተኛት እንደ ወግ ተቆጠረ። ቀጥሎ ትእዛዝ ወረደ፤ መንገዱ በአካፋና በዶማ ይጠረግ፣ እያንዳንዱ ገበሬ ማኅበርም ሰው ያዋጣ ተባለ። ከየደጋው አርባ ሁለት ሰው መጣና አንድ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ታጨቀ። ቀን ዝናብ ሲወርድባቸው ጭቃ ሲዝቁ ይውላሉ፤ ሲመሽ እርጥብ ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ ጎን ለጎን ይጋደማሉ። መጋዘኑ መስኮት የለውም፤ ቢኖረውም በዚያ ብርድ ማንም አይከፍተውም ነበር።

አለነ መጋዘኑን ያየ ዕለት «በየቤቱ በትኗቸው» ብሎ ለመነ። «ከተበተኑ ጠዋት ማን ይሰበስባቸዋል?» አሉት፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ሰዎች ራሳችን ሊፈነዳ ነው አሉ። ሌሎቹ ጉንፋን ነው፣ ምች ነው ተባባሉ። አለነ ግን የአንዱን ሸሚዝ ገልጦ ደረቱ ላይ የፈሰሰውን ሽፍታ አየ። ተስቦ ከተማ ገብቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ማንም ሊክደው አይችልም። ሁለት የቤንዚን በርሜል ለምኖ ከመጋዘኑ ጀርባ ጣደ። የባሕር ዛፉ እንጨት እርጥብ ነውና ከእሳቱ ጭሱ ይበልጥ ነበር፤ ዓይኑ ደም እስኪመስል ራሱ አነደደ። ሰዎቹ አናወልቅም አሉ፤ አንድም ብርዱ፣ አንድም ሀፍረቱ። ባዶ ጆንያ ሰብስቦ በተራ እያስለበሰ አስወለቃቸው። ቅቅሉን ማድረቁ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ፤ በዚያ ዝናብ ምን ይደርቃል? ሲጨንቀው ወደ እትዬ ሥራዬ ዳቦ ቤት ሄደ። ሥራዬ ምላሰኛ ባልቴት ናት።

«ቅማልህን አምጥተህ ዳቦዬ ላይ ልታሰጣው ነው?» አለችው።

«የተቀቀለ ቅማል ነው፣ እትዬ ሥራዬ። ምንም አያደርግም።»

«እንግዲያ ንፍሮ ብዬ ልሽጠው በለኛ።»

ካለችም በኋላ ከምድጃው ጀርባ ያለውን ክፍል ለቀቀችለት። ያን ሰሞን ከሥራዬ ዳቦ የገዛ ሰው ሁሉ ዳቦውን ወደ ብርሃን እያገላበጠ ነበር የሚቆርሰው። ልብሱ ግን ደረቀ። ዘጠኝ ሰው ታመመ፤ ከዘጠኙ ስምንቱ ዳኑ። ተስቦው ከመጋዘኑ ሳይወጣ ተያዘ።

ያልዳነው ሻረው ይባላል፤ የአምባራስ ልጅ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ። ሥራ ጠልቶ ነው እንዳይባል በሽታውን ደብቆ ሲዝቅ ከርሞ፣ አለነ ዘንድ የደረሰው ሲቃዥ ነበር። ነሐሴ ስድስት ቀን ዐረፈና እዚያው ደባርቅ ተቀበረ። ጋቢውን፣ ሸሚዙንና ቁምጣውን አለነ በጆንያ ከትቶ ከክሊኒኩ ጓሮ ክፍል አኖረው። በርሜሉ ሁለት፣ እንጨቱ ጥቂት ነው፤ የሕያዋኑ ልብስ ይቅደም አለ። ለሞተ ሰው ልብስ ምን ያስቸኩላል ብሎ አሰበ።

በሦስተኛው ቀን፣ ፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው በቅሎ እየሳቡ ከክሊኒኩ ደጅ ደረሱ። ዝናቡ ከባርኔጣቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«ላቀው እባላለሁ፤ የሻረው አጎት ነኝ፣ የእናቱ ወንድም» አሉ። «ቀብራችሁታል አሉኝ፤ ደግ አደረጋችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባትቀብሩትም ወንዙ ሬሳ ይዤ አያሻግረኝም ነበር። ልብሱን ስጠኝና ልሂድ፣ ልጄ።»

በዚያ አገር ሰው በሩቅ ከሞተ የሚለቀሰው በልብሱ ነው። ልብሱ ከለቀስተኛው መሐል ይዘረጋል፤ እናት ታቅፈዋለች፣ እኅት ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሙሾ ታወርድበታለች፣ ከእጅ እጅ ይዞራል። ልብስ ከሌለ ለቅሶው ለቅሶ አይሆንም፤ በወሬ ብቻ የሚቀበር ልጅ የለም። አለነም የዚያው አገር ልጅ ነውና ይህን የሚነግረው አላስፈለገውም።

«ይቀቀላል፣ አያ ላቀው» አላቸው። «ከነገ ወዲያ ይደርቅና ይዘውት ይሄዳሉ።»

«ከተቀቀለማ ምኑን ወሰድሁት? እናቱ ጨርቅ መች አጣች፤ ላቡን ነው የምትፈልገው። የታጠበ ይዤላት ብገባ የማን ልብስ ነው ትለኛለች። አታምነኝም። ዕድሜዋን በር በሩን ስታይ ትኖራለች።»

«በሽታው ያለው እኮ ልብሱ ውስጥ ነው።»

«አንተ ተምረሃል፣ አልክድህም» አሉ አያ ላቀው። «ለመሆኑ እናት አለችህ?» ብለው ጠየቁት።

አለነ መመለስ አልነበረበትም። ግን መለሰ። እናቱ ዳባት የሞተችው እሱ ጎንደር ፈተና ላይ ሳለ ነው። ከተቀበረች በኋላ ደረሰ፤ ቀሚሷም ነጠላዋም ለነፍሷ ተብሎ ለንስሐ አባቷ ተሰጥቶ ነበር። ቤቱ ውስጥ እሷን የሚሸት አንድ ነገር ሲፈልግ ዋለ፤ አጣ። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ በቅሎ ይዘው በዝናብ ለቆሙ የማያውቃቸው ሰው ግን ነገራቸው።

ሄዶ ጆንያውን አመጣ። አፉን በገመድ ሁለት ጊዜ አሰረው።

«ዐሥር ቀን እንዳይፈታ» አላቸው። «ቅማል ያለ ሰው ደም ዐሥር ቀን አይቆይም፤ ይሞታል። እስከዚያው ሰው ከማይደርስበት ይስቀሉት። በሚካኤል ይማሉልኝ።»

«በሚካኤል» አሉ አያ ላቀው።

እዚህ ላይ እውነቱ ይነገር። አለነ ሌላም የሚያውቀው ነገር ነበር። ቅማሉ ቢሞትም ኩሱ ልብስ ላይ ደርቆ በሽታውን እንደ ያዘ ብዙ ጊዜ እንደሚቆይ ጎንደር ሳለ ተምሯል፤ ደብተሩ ላይም በገዛ እጁ ጽፎታል። ያን ዕለት ግን አላስታወሰውም። ወይም ሊያስታውሰው አልፈለገም፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ የቱ እንደ ነበር እሱ ራሱ ኋላ ብዙ ጊዜ ሲያስበው አልለይልህ አለው። የአርባ አንድ ሰው ልብስ ቀቅሎ የአንዱን ተወ። ያዘነው ከልቡ ነው፤ የተሳሳተውም ከልቡ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ መንገዱ ተከፈተ። ሰዎቹ ንጹሕ ልብስ ለብሰው ወደየአገራቸው ሄዱ። ስብሰባ ላይ የአለነ ስም ተነሥቶ ተጨበጨበለት፤ ደስ አለው፣ ለምን ደስ አይለውም? መስከረም አንድ ቀን፣ ሰው በየቤቱ እንኳን አደረሰህ ሲባባል፣ አያ ላቀው መጡ። በቅሏቸው አልነበረችም፤ ጉንጫቸው ጎድጉዶ ነበር። የእንኳን አደረሰህ ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

«ስድስት ሰው ቀብረናል፣ የተኛውም ብዙ ነው» አሉ። «የቄስ ወልደ ሩፋኤል ሚስት ማንጠግቦሽ ሞታለች። የሻረው እኅት አምሳልም ሞታለች። ያገባች ዓመቷ ነበር።»

አለነ የሚጠይቀውን ያውቅ ነበር፤ ሆኖም ጠየቀ። «ጆንያውን ፈታችሁት?»

«ፈታነው።»

«መች?»

«የገባሁ ዕለት።»

«በሚካኤል ምለውልኝ ነበር፣ አያ ላቀው።»

«ምያለሁ። የሚካኤል ዕዳ አለብኝ። ግን ስደርስ ደጅ ቆማ አገኘኋት፤ በዝናብ። ጆንያውን አየችው። ዐሥር ቀን ታገሺ ልላት አፌን ከፈትሁ።» አያ ላቀው መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ። «ልጄ፣ አንተ በሽታውን ዐውቀህ፣ ተምረህ፣ እኔን ባዳውን እምቢ ማለት አቃተህ። እኔ እኅቴን እንዴት አርጌ እምቢ ልበላት?»

አያ ላቀው ቀሪውን ተራ በተራ ነገሩት። ዝናቡ ሰባት ቀን አላባራም፤ ለቅሶው እንደ ወጉ ሜዳ ላይ መሆን ቀርቶ የሻረው እናት የደብሪቱ ጎጆ ውስጥ ሆነ። ስልሳ ሰው ከከብቱ ጋር ተጨናንቆ ተቀመጠ። ጋቢው ከመሐል ተዘረጋ። አምሳል ሰባቱን ቀን ከትከሻዋ አላወረደችውም፤ ብርድ ስለ ነበር ሌሎቹም እየተጠጉ ጫፉን ይለብሱላት ነበር።

አለነ በማግሥቱ መድኃኒቱንና በርሜሉን በአጋሰስ ጭኖ ከአያ ላቀው ጋር ተነሣ። ሁለት ቀን ሄዱ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ገብሱ አሽቷል፣ ወንዞቹ ጎድለዋል፣ ፀሐይዋም ከማለዳ ጀምሮ ትፋጃለች። ያን ሁሉ ልብስ ባንድ ቀን የምታደርቅ ፀሐይ ናት። አንድ ወር ቀድማ ብትወጣ ምን ነበረበት እያለ ተናደደባት፤ ደግሞም በፀሐይ መናደዱ ራሱን አሳፈረው። ፀሐይ ጆንያ አስራ አልሰጠችም።

አምባራስ ከደረሰ በኋላ ቤት ለቤት ዞረ። ክኒን ሰጠ፤ ልብስ አስወልቆ ቀቀለ፤ ዐመዱን ከፊቱ ሳይታጠብ ወደሚቀጥለው ቤት ይገባ ነበር። እሱ እያለ ሦስት ሰው ሞተ፤ ዘጠኝ ሞሉ። ከዚያ በኋላ አዲስ የታመመ አልተገኘም። የወይዘሮ ደብሪቱን ቤት ግን ወደ ኋላ እያስቀረ፣ እያስቀረ፣ ቅዳሜ ዕለት ሌላ ቤት አጣና ሄደ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ታመው የተነሡ ናቸው፤ እግራቸው ገና አልጸናም። መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩት ሊነሡለት ሞከሩ።

«አንተ ነህ? ላቀው ነግሮኛል» አሉ። «ሳይታጠብ ይውሰድላት ያልኸው አንተ ነህ አሉ። እግዜር ውለታህን ይክፈልልኝ፣ ልጄ። ሁለት ልጆቼን በአንድ ክረምት አጣሁ፤ እሱን ግን አቅፌ አልቅሻለሁ። ያን ባላደርግ አብጄ ነበር።»

ጋቢው ከራስጌያቸው ካለው ችካል ላይ ተንጠልጥሏል። አለነን ምስጋናው ከስድብ ይልቅ አቃጠለው። ዝም ብሎ «ልብስ ሁሉ ይቀቀላል» ብሎ መውሰድ ይችል ነበር፤ ሌላው ቤት ያደረገው እንዲያ ነው። እኚህን ሴት ግን ማታለል አልሆነለትም። ከፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠና ነገራቸው። ቅማሉን፣ ሽፍታውን፣ ጆንያውን፣ ዐሥሩን ቀን፣ የተማረውን፣ ያላስታወሰውን፤ ምንም አላስቀረም።

ወይዘሮ ደብሪቱ እስኪጨርስ አላቋረጡትም።

«አምሳልን የገደላት ይኸ ነው?» አሉ ጋቢውን ሳያዩት።

«አዎ፣ እናቴ።»

«ማንጠግቦሽንም?»

«አዎ።»

«አንተ ነህ የሰጠኸው።»

«እኔ ነኝ።»

አለነ እንዲረግሙት ጠበቀ፤ እንዲመቱትም ጠበቀ፤ ያን ቢያደርጉ ይሻለው ነበር። እሳቸው ግን ግድግዳውን ይዘው ተነሡና ጋቢውን ከችካሉ አውርደው ሰጡት።

«ቀቅለው» አሉ። «ይህን ነገር ለማን ለማን ነግረሃል?»

«ከአያ ላቀው ሌላ ማንም አያውቅም። ነገ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ለሁሉም እናገራለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«አትናገር።»

«እናቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የኔ መሆኑን ይወቁት።»

«አንተ ተናግረህ ይቀልልሃል፤ ቀልሎህ ደባርቅ ትገባለህ» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። ድምፃቸው አልጨመረም። «እኔ የምኖረው እዚህ ነው። ስምንት ቤት የሻረውን ስም በሰማ ቁጥር ይተፋል። በሕይወቱ የሰው እህል ያልረገጠ ልጅ ሞቶ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል። አርባው ሰኞ ነው፤ ማን መጥቶ ነፍስ ይማር ይልልኛል?»

«እኔን ይርገሙ እንጂ እሱን ለምን?»

«አንተን ማን ያውቅሃል? ሰው የሚረግመው የሚያውቀውን ነው።»

አለነ ከዳባት እስከ ጎንደር ከተማረው ሁሉ ለዚህ የሚሆን አልተገኘበትም። ጋቢውን ይዞ ወጣና ብቻውን ቀቀለው።

በማግሥቱ እሑድ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ዐጸዱ ውስጥ ጥዱ ሥር ተሰበሰበ። አለነ ቆመና የሚናገረውን ተናገረ፤ የታመመም ሆነ የሞተ ሰው ልብስ ሳይቀቀል ሰው እጅ አይግባ፣ ለለቅሶም ቢሆን፣ ለነፍስም ቢሆን አለ። ቃሉን ሲናገር ሴቶቹ መሐል ወደ ተቀመጡት ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ አላየም። አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ዶክተር፣ ሁሉንም ሰምተናል። ለመሆኑ ይኸ መቅሠፍት ከየት መጣብን?»

አያ ላቀው አንገታቸውን ደፉ።

«ከክረምቱ ነው፣ አባቴ» አለ አለነ። «ከብርዱ፣ ልብስ ካለመታጠቡ፣ ከመጠጋጋቱ።»

ውሸት አልነበረበትም። ሽማግሌው «እግዜር ያመጣውን ማን ይመልሰዋል» ብለው ተቀመጡ። በዚህ ጊዜ ቄስ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን ይዘው ወደ አለነ መጡ። ገና አርባ ዓመት ያልሞላቸው ሰው ናቸው፤ ሦስት ትንንሽ ልጆች አሏቸው፤ ቄስ ሚስቱ ከሞተችበት ደግሞ ሌላ አያገባምና ከእንግዲህ ልጆቹን ብቻቸውን ነው የሚያሳድጉት። ሕዝቡ ሁሉ ለምርቃት ተነሣ።

«የሁለት ቀን መንገድ አቋርጠህ መጥተህልናል» አሉ ቄሱ እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው። «የደከምህበትን አያሳጣህ። የዳሰስኸው ይዳን፣ የሰጠኸው ለበረከት ይሁን። ያዘንህልን አምላክ ይዘንልህ።»

«አሜን» አለ ሕዝቡ። ወይዘሮ ደብሪቱም ከሴቶቹ መሐል ሆነው አሜን አሉ። ቄስ ወልደ ሩፋኤል እጃቸውን አላነሡም፤ የተመረቀው ሰው ራሱ ካላለ ምርቃቱ አያልቅምና የእሱን ቃል ይጠብቁ ነበር። አለነም «አሜን» አለ።